መስቀለኛ ቃሉን ማን ሞላው?

ሰው ለሚስት ሲል ብዙ ነገር ይሆናል። አንዱ መጠጥ ይተዋል፣ አንዱ አገር ይቀይራል፣ አንዱ የሌለውን ቤት አለኝ ይላል። እኔ ለሚስቴ ስል ያልሠራሁትን ወንጀል ሠርቻለሁ ብዬ ተፈርዶብኛል። ወንጀሉ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? መጽሔት ላይ የወጣ መስቀለኛ ቃል መሙላት! ሳቁ ግድ የለም፣ አሁን እኔም እስቃለሁ። በዚያ እሑድ ግን ሳቅ በሰፈሬም አላለፈም።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ደረጀ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች እየዞርኩ ላም የማዳቅል ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን ስናገር ሰው ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ ነው የሚሰማኝ፤ ለምጄዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ እናቴ "ለላሙ ሁሉ ስትድር ራስህን ረሳህ" እያለች የምታሽሟጥጠኝ ወንደላጤ ነበርኩ። ሱስ የለብኝም፤ ከአንድ ነገር በቀር። እሱም አግድምና ቁልቁል ነው። መጽሔቱ ላይ ባዶ ቤቶች ይሰመራሉ፣ ከሥር ፍንጭ ይሰጣል፣ እናንተ ፍንጩን ፈትታችሁ በየቤቱ አንዳንድ ፊደል ታስገባላችሁ።

ብቻዬን እንዳይመስላችሁ። ማኅበር ነበረን። ቅዳሜ ማታ እትዬ ዝናሽ ልብስ ስፌት ቤት እንሰበሰባለን። እትዬ ዝናሽ ሲንጀሯን እየረገጠች፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ ሁላችንም ያቃተንን ቃል ቀና ሳትል ትነግረናለች። መሪጌታ ጥበቡ አሉ፤ የቅኔ መምህር ናቸው፣ አንድን ቃል እንደ በግ ገፈው፣ ቆዳውን ለብቻ ሥጋውን ለብቻ ማስቀመጥ የሚወዱ። መምህር ጀማል አሉ፤ ከወሎ መጥተው ፊዚክስ የሚያስተምሩ፣ ጢማቸው ሽበት የጀመረው። የበላያችን ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ እንደ ጽዋ ማኅበር ሙሴያችን ብለን ሾመናቸዋል። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስላለ ሰላም ሲሏችሁ እንኳ ችሎት የከፈቱ ይመስላችኋል።

ሕግ አለን። ያመጣ አይገልጥም፣ የገለጠ አይጽፍም፣ የጻፈ አይኩራራም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምትመጣው መጽሔት አንዲት ብቻ ስለሆነች ከመናኸሪያ የማመጣት እኔ ነበርኩ፤ እትዬ ዝናሽ ጠረጴዛ ላይ እስክትደርስ አልገልጣትም። ፍንጮቹን የሚያዘጋጀውን ሰው በመልክ አናውቀውም፤ ግን ተንኮለኛ ነበር፣ መገልበጥ ይወዳል። "የመላእክት ከተማ ተገልብጣ በምድረ በዳ መራራ ውኃ ሆነች" ብሎ ይጽፋል። መሪጌታ ገና ሳይነበብ ይስቃሉ፤ ራማ ናታ! ስትገለበጥ ማራ፣ እስራኤል መጠጣት ያልቻሏት ውኃ። "ርሳ ብትለው ተገልብጦ በሬን ገደል ከተተ" ይላል። ሳር ነው። እንዲህ ያለውን ስንፈታ የሚሰማን ደስታ፣ የተዳቀለች ላም መንታ ስትወልድ ካየሁት ደስታ አይተናነስም።

እንግዲህ መጽሔቱን የማመጣው ለማኅበሩ ብቻ ብዬ እንዳልነበር ሳትጠረጥሩ አልቀራችሁም። መናኸሪያው ውስጥ በዕቃ መቀበያዋ መስኮት የተቀመጠች አትጠገብ የምትባል ልጅ ነበረች። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሌላ ሥራ እስኪገኝ ብላ የተቀመጠች፣ አክስቷ ቤት የምትኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቿ ዘንድ ቁይ የምትሄድ። መጽሔቱን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ፣ በሲባጎ አስራ ትሰጠኛለች። በሲባጎው ሰበብ ተግባባን። በኋላ "አባቴን ካሳመንክ እኔ እምቢ አልልህም" አለችኝ። ለእኔ ይህ ማለት ሰማይ ተቀደደ ማለት ነው።

አባቷ አቶ አያሌው ግን ቀላል ሰው አልነበሩም። ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ቀጠሮ ሰጡ፤ ለእኔ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አይሱዙ ያለው አንድ የእህል ነጋዴም በዚያው ቀን ሽማግሌ ልኬያለሁ ብሏል። አቶ አያሌው ቃላቸውን በአትጠገብ በኩል ላኩልን፦ "ቀድሞ ደጄን የረገጠው ቀድሞ ይሰማል። የመጀመሪያው ካማረኝ ሁለተኛውን ውኃ እንኳ አላጠጣውም።" የእኔ ሽማግሌዎች እነማን መሰሏችሁ? ጋሽ ዘለቀ፣ መሪጌታ ጥበቡና መምህር ጀማል። ከእነሱ የተሻለ ሽማግሌ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አላውቅም።

በዋዜማው ቅዳሜ መጽሔቱን ልቀበል ሄድኩ። የትንሣኤ ልዩ እትም ነበር፤ በዓመት አንዴ ሁለት ሙሉ ገጽ የሚሸፍን መስቀለኛ ቃል የሚወጣበት። አትጠገብ ጥቅሉን ይዛ አልለቀቀችልኝም።

"ዛሬ እንኳ ገልጠህ አታየውም?" አለችኝ።

"ያመጣ አይገልጥም" አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

"አንድ ጊዜ ብቻ?"

"ሕግ ሕግ ነው፣ አትጠገብ።"

ዓይኔን ትክ ብላ አየችና "እንግዲያው እንደ ፍጥርጥርህ" ብላ ጥቅሉን ወርውራ ሰጠችኝ። የነገው ነገር አስጨንቋት ነው ብዬ አለፍኩት። ያን ማታ ሁሉም በዓሉን በየቤቱ ስለሚያሳልፍ አልተሰበሰብንም፤ መጽሔቱን እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ዝናሽ ጋ ተገናኝተን፣ በሚኒባስ ወደ ቁይ ስንሄድ እየፈታን እንድንጓዝ ተስማማን።

እሑድ ጠዋት ሁሉም ጋቢውን ለብሶ መጣ። የተከራየሁት ሚኒባስ ደጅ ላይ ቆሟል። ጋሽ ዘለቀ "እስቲ ለመንገድ አንዷን ፍንጭ ብቻ እንቅመስ" ብለው ሲባጎውን ፈቱ፣ መጽሔቱን ገለጡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ሞልቷል" አሉ።

"ምኑ?" አሉ መሪጌታ።

"ሁሉም! በሰማያዊ እስክሪብቶ! አንዲት ባዶ ቤት አልተረፈችም!"

በስመ አብ! ተረባርበን አየን። እውነትም ሞልቷል። ያውም ሳይሰረዝ፣ ሳይደለዝ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ካለፉት ሳምንታት ጀምሮ አንድ አንድ ቃል ተሞልቶ ይገኝ ነበር፤ ፊደሉ እንደ ኅትመት ስለሚያምር ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ ነው ብለን አልፈነዋል። ይሄ ግን የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። ዓመት የጠበቅነው ድግስ፣ ሌላ ሰው በልቶ ሳህኑን አጥቦ አስቀምጦልናል።

"እንግዲህ" አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ "ይህንን መፍታት የሚችል ሰው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከእኛ ማኅበር ውጭ አለ?"

"የለም!" አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ። ወይ ትዕቢት! ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

"እንግዲያው ሌባው እዚህ ቤት ነው። ዝናሽ፣ በሩን ዝጊ። አውጫጭኝ ተቀምጠናል፤ ማንም አይወጣም።"

አውጫጭኝ የማታውቁ ካላችሁ፣ ድሮ በአገራችን በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። እያንዳንዱ እየተነሣ "አላደረግሁም፣ ያደረገውንም አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብሎ ይምላል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዳኛው ጆሮ ሹክ ይላል፤ ጠቋሚው በስሙ አይጠራም፣ "ወፍ ነገረችኝ" ነው የሚባለው። ለበሬ የተሠራ ሥርዓት ነው እንግዲህ። ለመስቀለኛ ቃል ሲውል ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

"ጋሽ ዘለቀ፣ እባክዎ!" አልኩ። "ቁይ ይጠብቁናል። ስንመለስ እንማማላለን!"

"ልጄ፣ ከመሐላችን ሌባ እያለ ሽምግልና እንዴት እንሄዳለን? ምናልባት ሌባው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቢሆንስ? የሰው ልጅ ልንጠይቅ ነው እኮ የምንሄደው!"

ምን ይባላል? ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል እያሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ዳኛ ናቸው። ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የተነሡት መምህር ጀማል ናቸው። ቀኝ እጃቸውን አነሡ። "ወላሂ አልሞላሁም። የሞላውንም አላየሁም፣ አልሰማሁም።" ሊቀመጡ ጎንበስ ካሉ በኋላ መልሰው ቆሙ። ላብ አጥምቋቸዋል። "መሐላ ከሆነ ግን... አንዳንዴ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ስል መልሱን ከስልኬ ላይ ፈልጌ ነው የምመለሰው።"

"ኧረ ጉድ!" አለች እትዬ ዝናሽ። "እኔኮ ኩላሊታቸውን ታመዋል ብዬ ስንት ቀን አዘንኩልዎት!"

መሪጌታ ጥበቡ ቀጠሉ። "እግዚአብሔርን ምስክር አድርጌ አልሞላሁም። ነገር ግን ከማልኩ አይቀር፣ ሙሴያችን የተሳሳተ ቃል ሲናገሩ 'ይሆናል፣ ይጻፍ' የምለው ትክክል ሆኖ አይደለም። እንዳይቆጡ ነው። የታችኛው ጥግ ሁልጊዜ አልገጥም የሚለን ለዚህ ነው።"

ጋሽ ዘለቀ ፊታቸው ጠቆረ። "ቀጥሉ" አሉ ብቻ።

እትዬ ዝናሽ ተነሣች። "ማርያምን አልሞላሁም! ብዕርም የለኝ፣ ጠመኔ ነው ያለኝ።" ከዚያ ሜትሯን በጣቷ መጠቅለል ጀመረች። የመሐላ ነገር ይገርማል፤ አንዴ አፍ ከከፈተ አይዘጋም። "ጋሽ ዘለቀ፣ ያን ግራጫ ኮትዎን አምና ሳስተካክለው ልኬት ስቼ አጥብቤዋለሁ። ጠበበኝ ሲሉኝ ግን 'እርስዎ ወፍረው ነው እንጂ' አልኩዎት።"

ጋሽ ዘለቀ ቀስ ብለው ኮታቸውን ወደ ታች አዩት። ያን ኮት ነበር የለበሱት።

"ዓመት ሙሉ" አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ፣ "ዓመት ሙሉ ራት አልበላሁም እኮ ዝናሽ። ጠዋት ጠዋት በዚህ ዕድሜዬ ዳገት ስወጣ ከረምኩ። የፋሲካን ዶሮ በዓይኔ ነው የፈሰክሁት!"

እትዬ ዝናሽ አለቀሰች። መሪጌታ ያጽናናሉ። መምህር ጀማል ስልካቸውን አውጥተው ለማኅበሩ ላስረክብ ይላሉ። ደጅ ሚኒባሱ ጥሩምባውን ይነፋል። እኔ ፀሐይዋን በመስኮት እያየሁ ሰዓቱን እቆጥራለሁ። ሰው ሁሉ ጓዳውን አወጣ፤ መስቀለኛ ቃሉን የሞላው ግን አልወጣም።

ተራዬ ሲደርስ ማልኩ። ንጹሕ ነኝ፣ ምን ቸገረኝ! ጋሽ ዘለቀ ግን "እንግዲያው ወፍ ትናገር" አሉ። ሁሉም እየተነሣ በጆሯቸው ሹክ ሊል ነው። ጆሯቸው ደግሞ ነገርኳችሁ፣ ከባድ ነው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ሹክ አሉ።

"ምን? ጮክ ይበሉ!"

መሪጌታ ደገሙ።

"ደረጀ ነው? ምክንያቱስ?"

እንግዲህ ወፏን ሁላችንም ሰማናት። መምህር ጀማልም ደረጀ አሉ። እትዬ ዝናሽ እንባዋን እየጠረገች ደረጀ አለች። ለምን ብትሉ፣ መጽሔቱ ከመናኸሪያ እዚህ እስኪደርስ በእጁ ያደረበት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ልፈርድባቸው አልችልም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ደረጀ እል ነበር።

"ኧረ ማልኩ እኮ!" አልኩ።

"ማለህ ይሆናል፤ ወፏም ተናግራለች። መሐላና ወፍ ሲጋጩ አውጫጭኙ ይቀጥላል። ካስፈለገ እስከ ማታ።"

በዚህ ጊዜ ሹፌሩ መስኮቱን አንኳኳ። "ወንድሜ፣ ያ የነገርከኝ አይሱዙ አሁን በዚህ አለፈ! ጋቢናው ሙሉ ሽማግሌ ነው!"

ያን ስሰማ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። አትጠገብን በዚያ አይሱዙ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ብድግ አልኩና "እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ያዙኝ፣ ፍረዱብኝ፣ በቃ እኔ ነኝ! አሁን እንሂድ!"

ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "አመነ" አሉ። "ፍርዱ ይህ ነው። የበላውን ይተካል። ይህን የሚያህል፣ ባለ ሁለት ገጽ አዲስ መስቀለኛ ቃል በገዛ እጁ ሠርቶ ለማኅበሩ ያስረክባል።"

"እሺ! ሦስት ገጽ አደርገዋለሁ! እንሂድ!"

በሩ ተከፈተ። ሁሉም ሚኒባስ ውስጥ ገባ። እሰይ ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ዘለቀ አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ አድርገው ቆሙ።

"ግን ልጄ፣ አሁን እኔ የሰው ደጅ ቆሜ ምን ብዬ ነው የምመሰክርልህ? ጨዋ ነው ልበል? በሐሰት የማለ፣ የማኅበር ቃል የሰረቀ ሰው ነህ እኮ።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏችኋል ይሄ ነው። መሪጌታ ጣልቃ ገቡ፦ "ካልተጠየቅን ዝም እንላለን። ዝምታ ውሸት አይደለም።" ጋሽ ዘለቀ አሰቡና "ካልተጠየቅሁ እሺ፤ ከተጠየቅሁ ግን እናገራለሁ" ብለው ገቡ። እኔም ገባሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ ሥርዓቱን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን እቤት ተቀምጬ ብጠብቅ ልቤ ይቆም ነበር።

መንገዱ ላይ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። ቁይ ልንደርስ ስንል አይሱዙው ዳር ይዞ ቆሟል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መኪና አልስማማቸው ብሎ ጎንበስ ብለዋል፤ ሌሎቹ ጀርባቸውን ይመታሉ። እግዚአብሔር ይማርዎት አልኩ በልቤ፣ ቀስ ብሎ ይማርዎት። አለፍናቸው።

የአቶ አያሌው ግቢ ደርሰን ሚኒባሱ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። እኔ ወንበር ሥር ተጎንብሼ ቀረሁ። ምንም ማየት አልችልም፤ ግን ለጋሽ ዘለቀ ጆሮ ሲባል ሁሉም እየጮኸ ስለሚያወራ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አሉ አቶ አያሌው።

"የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ። "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው ደጅ የጠናነው።"

"ልጁ ማን ነው? ምንድን ነው ሥራው?"

"ላም ያዳቅላል" አሉ መምህር ጀማል። ወዲያውም "በመንግሥት ነው" ብለው ጨመሩ።

"መልካም። እንግዲህ እኔ ጥሩነቱን አልጠይቃችሁም። ጥሩነቱን እናቱ ታውራ። እናንተ ሽማግሌ ከሆናችሁ ጉድለቱን ንገሩኝ።"

አለቀልኝ! ግንባሬን ወንበሩ ብረት ላይ አስደገፍኩ። ከዚያ ያ የችሎት ድምፅ መጣ።

"ዛሬ ጠዋት" አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ "የማኅበራችንን መስቀለኛ ቃል ያለፈቃድ ሞልቶ ተገኝቷል።"

"ምንድን ነው የሞላው?"

"ባዶ ቤቶች ነበሩ።"

"የማን ቤት?"

"የሰው ቤት አይደለም፤ የፊደል ቤት ነው። አግድምም ቁልቁልም የሚሞላ። እኛ ልንሞላው ዓመት የጠበቅነውን እሱ ቀድሞ ሞላው።"

"ታዲያ ሥራችሁን ቢያቃልልላችሁ ምን ከፋችሁ?"

"ደስታችን መሙላቱ ነዋ!"

አቶ አያሌው "እህ!" አሉ። ከተሜ ሁሉ አብዷል እያሉ እንደሆነ ያስታውቃል። በዚህ መሐል የአይሱዙው ድምፅ መጣና ከኋላችን ቆመ፤ የነጋዴውም ሽማግሌዎች እያቃሰቱ ወረዱ፣ ገብተውም በር ላይ ቆሙ። ያኔ ነው ከጓዳ የአትጠገብን ድምፅ የሰማሁት።

"አባዬ፣ እሱ አይደለም። የሞላሁት እኔ ነኝ።"

ከወንበሩ ሥር ተፈናጥሬ ተነሣሁ። ጭንቅላቴ ጣራውን መታ። በመስኮት አየኋት፤ ነጠላዋን እንደያዘች ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማለች። በሽምግልና ቀን የምትጠየቅ ልጅ ከጓዳ ወጥታ ስትናገር እኔ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

"አንቺ?" አሉ ጋሽ ዘለቀ። "ብቻሽን? የትንሣኤውን?"

"አርብ ማታ ነው መጽሔቱ የሚደርሰኝ። ቅዳሜ የቁይ አውቶቡስ እስኪመጣ ምን ልሥራ? መጀመሪያ በየሳምንቱ አንድ ቃል ብቻ እሞላ ነበር፤ ደረጀ አይቶ ማን ጻፈው ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ። አልጠየቀኝም። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ አይገልጠውም! ትናንት በንዴት ሁሉንም ሞላሁት። ገልጠህ እየው ብዬ ለመንኩት። 'ሕግ ሕግ ነው' አለኝ።" ወደ ጋሽ ዘለቀ ዞረች። "ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ነው ሌባ የምትሉት?"

መሪጌታ ጥበቡ "አበስ ገበርኩ" ብለው አማተቡ። ከእኛ ማኅበር ውጭ የሚፈታው የለም ያልነው መስቀለኛ ቃል፣ በየሳምንቱ በሲባጎ ታስሮ ከፈታችው እጅ ነበር የሚመጣልን።

ጋሽ ዘለቀ ግን አሁንም ዳኛ ናቸው። "እንግዲያው ነገሩ ባሰ" አሉ። "ሌባ አይደለም፤ ነገር ግን ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ ለአውጫጭኝ ዋሽቷል!"

"ልጁ የት ነው?" አሉ አቶ አያሌው።

ሁሉም ወደ ሚኒባሱ ዞረ። ወረድኩ። ፀጉሬ ላይ የወንበር አቧራ፣ ግንባሬ ላይ እብጠት። አማች ልሆን የመጣሁ ሰው እንዲህ ሆኜ የአቶ አያሌው ፊት ቆምኩ።

"ለምን ዋሸህ?"

በአገጬ ወደ ደጁ እየጠቆምኩ "ያ አይሱዙ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው፣ አባቴ" አልኩ። "ልጅዎን ከማጣ ስሜን ባጣ ይሻለኛል አልኩ። ቸኮልኩ።"

አቶ አያሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ እኔን ትተው በር ላይ ወደቆሙት ወደ ነጋዴው ሽማግሌዎች ዞሩ። "የእናንተስ ልጅ? ጉድለቱ ምንድን ነው?"

"እኛስ ልጃችን" አሉ መኪና ያልተስማማቸው ሽማግሌ፣ ፊታቸው እንደ አመድ ነጥቶ፣ "ምንም ጉድለት የለበትም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

አቶ አያሌው ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ መታ አደረጉ። "የዚህን ውሸት እንኳ ዛሬውኑ አወቅሁት፤ ምክንያቱንም ነገረኝ። የእናንተን ውሸት ግን ልጄ ገብታ ልትፈልገው ነው። በሉ እናንተ ውኃ ጠጥታችሁ ሂዱ፤ መኪናው አድክሟችኋል። እናንተ ደግሞ" አሉ ወደ ጋሽ ዘለቀ ዞረው፣ "ቁጭ በሉ።"

ቁጭ በሉ! ከዚያች ቃል በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። አለቀስኩ መሰለኝ። መምህር ጀማል አቀፉኝ። ጋሽ ዘለቀ ምግብ ሲቀርብ ኮታቸውን አውልቀው አስቀመጡና በሉ፤ እንዴት ያለ መብላት! የዓመቱን ነው የበሉት።

ሲጠግቡ ፍርዱን አሻሻሉ። "ሞልታለችና እሷም ትተካለች፣ ዋሽቷልና እሱም ይተካል። አግድሙን እሷ፣ ቁልቁሉን እሱ ይሥሩ። ለሠርጉ ይድረስ።"

እናንት አንባቢዎቼ፣ መስቀለኛ ቃል መፍታት ቀላል ነው። ከሌላ ሰው ጋር መሥራትን ሞክሩ እስቲ! በየሄድኩበት የእሷ ቃል ይቆርጠኛል። እኔ የምፈልገው ቤት ውስጥ እሷ ቀድማ ፊደል አስቀምጣለች። ተጣላን፣ ተኮራረፍን፣ አንድ ቀን ላጲሱን ወርውራብኛለች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለወራት ፊቷ ቆሜ ስለ ሲባጎ ሳወራ፣ እሷ በምትሞላቸው ቃላት ስታናግረኝ እንደነበር። ሕጌን ጠበቅሁ ብዬ ስኩራራ ሰውየዋን አላየኋትም። ሕግ መጠበቁ ክፉ አይደለም፤ እሱ ነው ያስመረጠኝ። ግን "አንዴ ገልጠህ እየው" ብሎ የለመነ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ቢያንስ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁት። ያን ብጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ጓዳውን ባላወጣ፣ ግንባሬም ባላበጠ።

ለሠርጉ ደረሰ። በየጠረጴዛው አደልነው። ወጡ ቀዘቀዘ፣ ሙዚቃው ያለ ጨፋሪ ቀረ፤ የማኅበሩ ሰዎች እርሳስ ይዘው ተደፍተዋል። እሷ ሳታሳየኝ በመጨረሻው ቀን ከጨመረቻቸው ፍንጮች አንዱ እንዲህ ይላል፦ "በግዕዝ አለች፤ ብትገለብጠው አብረን እንገባበታለን።" መሪጌታ ወዲያው ፈቱት፤ ትቤ ነው፣ ሲገለበጥ ቤት። ከሠርገኛው ሁሉ መጨረሻ ላይ የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ሚዜዬ ነግሮኝ።

መጽሔቱን ዛሬም ከመናኸሪያ የማመጣው እኔ ነኝ። አትጠገብ ሌላ ሥራ ይዛለች፤ የማኅበሩም አባል ሆናለች። ጥቅሉን ግን ከእጄ ተቀብላ እንደ ልማዷ በሲባጎ ታስረዋለች። ቅዳሜ ማታ እትዬ ዝናሽ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ጋሽ ዘለቀ በዚያ ተመልሶ በሰፋው ኮታቸው ቀና ብለው፣ በችሎት ድምፃቸው "ባዶ ነው?" ይሉኛል።

"ያመጣ አይገልጥም" እላቸዋለሁ። "አትጠገብን ይጠይቋት።"